የባዮሎጂ ቃላትን ሳይሸመድዱ መያዝ፦ ለ9ኛ–12ኛ ክፍል ተማሪዎች ዝርዝር መመሪያ

የኦስሞሲስን ፍቺ ከመጽሐፉ እንዳለ በቃሉ የሚወጣ ተማሪ በየክፍሉ አለ። "የተላጠ ድንች ጨው ውሃ ውስጥ ሲቆይ ለምን ይልፈሰፈሳል?" ሲባል ግን ያው ተማሪ መልስ ያጣል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም። የያዘው የቃሉን ድምፅ ብቻ ነው፤ ቃሉ የሚጠራውን ነገር አላየውም። በዚያ ላይ ቤቱ ውስጥ በአማርኛ የሚያውቀው ነገር ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ ስም ሲመጣ አዲስ ይሆንበታል። እናቱ ሊጥ ስታቦካ የሚያየውና መጽሐፉ ፈርሜንቴሽን የሚለው አንድ መሆናቸውን ማንም አልነገረውም።

ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተላቸው ሥሩ። በቀን 40 ደቂቃ ያህል ይበቃል። መጀመሪያ በአንድ ምዕራፍ ላይ ጨርሷቸውና ወደ ሌላው እለፉ።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚዘጋጅ

- ባለ 50 ሉክ ደብተር፣ ለባዮሎጂ ቃላት ብቻ የሚውል
- እያንዳንዳቸው ስምንት ቦታ የተቆረጡ 10 ወረቀቶች፤ 80 ካርድ ይወጣቸዋል
- "በየቀኑ"፣ "በ3 ቀን"፣ "በሳምንት" የተባለባቸው 3 ፖስታዎች
- ሁለት ቀለም እስክሪብቶና ማስመሪያ
- ለሙከራ፦ 2 ድንች፣ ጨው፣ 3 ብርጭቆ፣ 3 ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ፣ 3 ፊኛ፣ ስኳር፣ የዳቦ እርሾ

ድንቹ ከሰኞ ገበያም ይምጣ ከሰፈር ጉሊት ለውጥ የለውም፤ ጠንካራና ያልበቀለ ይሁን እንጂ። እርሾውን ስትገዙ ግን ማብቂያ ቀኑን ተመልከቱ። ጊዜው ያለፈ እርሾ ሙከራውን ሙሉ በሙሉ ያከሽፈዋል።

1. ቃላቱን ልቀሙ

መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ካለው የቃላት ዝርዝር አትገልብጡ። ምዕራፉን እያነበባችሁ ቃሉ መጀመሪያ ከተነሳበት አንቀጽ ልቀሙት፤ የገጹን ቁጥርም ከጎኑ ጻፉ። ቃል ከአንቀጹ ሲነጠል ፍቺው ይጠባል፤ በኋላ ስትጠራጠሩ የምትመለሱትም ወደዚያ ገጽ ነው።

በቀን ከ8 ቃል በላይ አትልቀሙ። በአንድ ሌሊት 40 ቃል የያዘ ሰው በሳምንቱ ብዙውን ያጣዋል።

ከሌላ ትምህርት የምታውቁት የሚመስላችሁን ቃል በቀይ አክብቡት። ቬክተር በፊዚክስ መጠንና አቅጣጫ ያለው ልክ ነው፤ በባዮሎጂ ግን በሽታ አምጪውን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርስ ተሸካሚ ነው። ኑክሊየስ በኬሚስትሪ የአቶም እምብርት፣ እዚህ የሕዋስ ክፍል ነው። ካልቸር ባህል ሳይሆን በቤተ ሙከራ የሚራቡ ደቂቅ ዘአካላት ናቸው። ቲሹም ሱቅ የሚሸጠው ሶፍት ሳይሆን ኅብረ ሕዋስ ነው። ተማሪ ከማያውቀው ቃል ይልቅ "አውቀዋለሁ" ብሎ በሚያልፈው ቃል ነው ነጥብ የሚያጣው።

2. ቃሉን ፍቱት

አብዛኛው የባዮሎጂ ቃል ከግሪክና ከላቲን ቁርጥራጮች የተገጣጠመ ነው። ወደ 20 የሚሆኑትን ከያዛችሁ ያላጠናችሁትን ቃል ሳይቀር በግምት ታገኙታላችሁ። በእነዚህ ጀምሩ፦

- ሃይፖ፦ ያነሰ፣ ከታች። ሃይፐር፦ የበዛ፣ ከላይ። አይሶ፦ እኩል
- አውቶ፦ ራስ። ሄትሮ፦ ሌላ፣ የተለየ። ሆሞ፦ ተመሳሳይ
- ትሮፍ፦ ምግብ። ፋጎ፦ መብላት። ሳይቶ፦ ሕዋስ
- ኢንዶ፦ ውስጥ። ኤክሶ፦ ውጭ። ኤፒ፦ በላይ
- ሊሲስ፦ መፍረስ፣ መፈታት። ጀነሲስ፦ መፈጠር
- ሃፕሎ፦ ነጠላ። ዲፕሎ፦ ድርብ
- መጨረሻው "ኤዝ" ከሆነ ኢንዛይም (ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ሞለኪውል) ነው፤ "ኦዝ" ከሆነ በአብዛኛው ስኳር ነው። ላክቴዝ ላክቶዝን ይፈታል፤ ማልቴዝ ማልቶዝን።

አውቶትሮፍ ራሱን መጋቢ፣ ሄትሮትሮፍ በሌላው ላይ ተመጋቢ ነው። ፋጎሳይቶሲስ ደግሞ ሕዋስ ሌላ ነገርን ውጦ ወደ ውስጥ ሲያስገባ ነው።

ጥንቃቄ፦ ሥሩ መንገዱን ያመላክታል እንጂ ፍቺውን አይተካም። ሃይድሮሊሲስ "ውሃ" እና "መፈታት" ስለሆነ ብዙዎች "የውሃ መፈታት" ብለው ይጽፋሉ። ስህተት ነው። ሃይድሮሊሲስ ሌላ ሞለኪውል በውሃ አማካይነት ሲፈታ ነው፤ ስታርች ወደ ስኳር እንደሚፈታው። ፎቶሊሲስም የብርሃን መፈታት አይደለም፤ በፎቶሲንተሲስ ጊዜ ውሃ በብርሃን ጉልበት ሲፈታ ነው። ሥሩን ካወቃችሁ በኋላ "ማን ነው የሚፈታው? በምንድን ነው የሚፈታው?" ብላችሁ ጠይቁ።

3. ፍቺውን በአራት ጥያቄ ሥሩት

ፍቺ ከመጽሐፍ አይገለበጥም፣ ይሠራል። መጽሐፉን ክደኑና እነዚህን መልሱ፦

1. ምን ዓይነት ነገር ነው? እንቅስቃሴ፣ አካል፣ ኬሚካል ወይስ ሂደት?
2. የምን? ማን ነው የሚንቀሳቀሰው ወይም የሚለወጠው?
3. ከየት ወደ የት፣ በምን በኩል?
4. ያለ ምን አይሆንም?

ኦስሞሲስን እንሥራው። እንቅስቃሴ ነው። የውሃ ሞለኪውሎች ናቸው የሚንቀሳቀሱት። ሟሚው (ለምሳሌ ጨው) ካነሰበት ሙሙት ወደ በዛበት ይሄዳሉ። መርጦ የሚያሳልፍ ሜምብሬን (ስስ ሽፋን) ከሌለ ኦስሞሲስ አይባልም። አራቱ መልሶች ሲጋጠሙ ሙሉ ፍቺ ይሆናሉ።

"ከብዙ ወደ ጥቂት መሄድ" ብሎ የጻፈ ተማሪ ሁለተኛውንና አራተኛውን ጥያቄ ዘሏል፤ የጻፈውም የዲፊውዥን ግማሽ ነው። ዲፊውዥንን ማየት የሚፈልግ ቡና ሲፈላ በር አጠገብ ይቀመጥ። ዕጣኑ ከማጨሻው ተነስቶ ክፍሉን ሲሞላ ቅንጣቶቹ ከበዙበት ወደ አነሱበት እየሄዱ ነው፤ በር ወይም መስኮት ከተከፈተ ግን ንፋሱም አብሮ ይገፋቸዋልና ዝጉት። ሜምብሬን የለም፣ ውሃም የለም፤ ስለዚህ ኦስሞሲስ ሊባል አይችልም።

መልሱ በእንግሊዝኛ ካልመጣላችሁ መጀመሪያ በአማርኛ ጻፉት። በአማርኛ ማስረዳት ካልቻላችሁ የጎደላችሁ እንግሊዝኛ አይደለም፣ ጽንሰ ሐሳቡ ነው፤ ወደ ገጹ ተመለሱ። በአማርኛ ከተሳካላችሁ የሚቀረው ትርጉም ብቻ ነው።

4. የሚምታቱትን ፊት ለፊት አቁሙ

ምርጫ ጥያቄ የሚያወጣ መምህር ስህተት አማራጮቹን የሚያገኘው ከተመሳሳይ ቃላት ነው። ስለዚህ እነዚህን ቃላት ለየብቻ ማጥናት ዋጋ የለውም። የደብተሩን ገጽ ለሁለት ወይም ለሦስት ሰንጥቁና ጎን ለጎን ጻፏቸው፤ ከሥራቸውም የሚለያቸውን አንድ ነጥብ ብቻ አስምሩ።

*ማይቶሲስና ሚዮሲስ።* ሁለቱም ሕዋስ የሚከፈልባቸው መንገዶች ናቸው። ማይቶሲስ 2 ሕዋስ ያስገኛል፣ የክሮሞዞም ቁጥሩ አይለወጥም። ሚዮሲስ 4 ሕዋስ ያስገኛል፣ ቁጥሩ በግማሽ ይቀንሳል፤ በሰው ከ46 ወደ 23። በድምፅ ብቻ የያዛቸው ሰው ፈተና ላይ ያቀያይራቸዋል። ስትጽፉ "ቲ" ያለበት ቃል የሰውነት ሕዋስ የሚባዛበት መሆኑን አስታውሱ፤ ሚዮሲስ ውስጥ "ቲ" የለም።

*ክሮሞዞምና ክሮማቲድ።* እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። ሕዋሱ ከመከፈሉ በፊት ዲኤንኤው ሲባዛ እያንዳንዱ ክሮሞዞም ሁለት ክሮማቲድ ይይዛል፤ ሁለቱን የሚያያይዛቸው ቦታ ሴንትሮሜር ነው። በዚህ ጊዜ በሰው ሕዋስ ውስጥ 46 ክሮሞዞምና 92 ክሮማቲድ አለ። "92 ክሮሞዞም" ብላችሁ እንዳትጽፉ፤ የሚቆጠረው ሴንትሮሜሩ ነው። በማይቶሲስ አናፌዝ ክሮማቲዶቹ ሲለያዩ ግን እያንዳንዳቸው ክሮሞዞም ይባላሉ፤ ሕዋሱ እስኪከፈልም ለጥቂት ጊዜ 92 ክሮሞዞም ይሆናል። ካልገባችሁ አራት ክር ቁረጡና ሁለት ሁለቱን መሐል ላይ እሰሩ፤ ቋጠሮውን እየቆጠራችሁ ለያዩአቸው።

*ግሉኮዝ፣ ግላይኮጅን፣ ግሉካጎን።* ስኳሩ፣ በጉበትና በጡንቻ የሚቀመጠው ክምችት፣ እና ከጣፊያ ሳይሆን ከፓንክሪያስ የሚወጣው ሆርሞን። ግሉካጎን የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፣ ኢንሱሊን ዝቅ ያደርጋል። ፓንክሪያስን "ጣፊያ" እያሉ መተርጎም የተለመደ ቢሆንም ጣፊያ ሌላ አካል ነው፤ እዚህ ላይ ተርጓሚ አትሁኑ።

*ዩሬተርና ዩሬትራ።* ዩሬተር ሁለት ነው፣ ሽንትን ከኩላሊት ወደ ሽንት ፊኛ ይወስዳል። ዩሬትራ አንድ ነው፣ ከሽንት ፊኛ ወደ ውጭ ያወጣል።

*ብሪዚንግና ሬስፒሬሽን።* በአማርኛ ሁለቱንም "መተንፈስ" ስለምንላቸው የሚመጣ ስህተት ነው። ብሪዚንግ አየር ማስገባትና ማስወጣት ነው፣ በሳንባ። ሬስፒሬሽን ከምግብ ጉልበት ማውጣት ነው፣ በእያንዳንዱ ሕያው ሕዋስ። ዛፍ ሳንባ ባይኖረውም ቀንም ሌሊትም ሬስፒሬሽን አለው።

*ኤክስክሪሽንና ኢጀስሽን።* ሽንት፣ ላብና ካርቦንዳይኦክሳይድ ሰውነት ውስጥ በተደረገ ኬሚካላዊ ሥራ የተፈጠሩ ቆሻሻዎች ናቸው፤ ኤክስክሪሽን ነው። ዓይነ ምድር በአብዛኛው ሳይፈጭ ያለፈ ምግብ ነው፤ ኢጀስሽን ነው።

*ፓቶጅንና ቬክተር።* በወባ ፓቶጅኑ ፕላስሞዲየም ነው፤ ቬክተሩ ሴቷ አኖፊለስ ትንኝ። "ወባን የሚያመጣው ትንኝ ነው" የሚለው የሰፈር አነጋገር ፈተና ላይ ነጥብ ያስቆርጣል። ወባ በሚገኝባት ኮምቦልቻ ያላችሁ ተማሪዎች በተለይ ልብ በሉ፤ ቃሉን ከልጅነታችሁ ስትሰሙት አድጋችኋል።

*ፖፑሌሽን፣ ኮሚዩኒቲ፣ ኢኮሲስተም።* ሐይቅን በሐሳባችሁ ያዙ። በሐይቁ ያለው ቆሮሶ ዓሣ ብቻውን ፖፑሌሽን ነው። ዓሣው፣ አልጌው፣ ወፉ፣ ደንገሉ በአንድነት ኮሚዩኒቲ ናቸው። ውሃው፣ ጭቃው፣ ብርሃኑና ሙቀቱ ሲጨመርበት ኢኮሲስተም ይሆናል። የሚለየውን አንድ ነጥብ አስምሩ፦ ሕይወት የሌለው ነገር ገብቷል ወይስ አልገባም?

5. ቃሉን በእጃችሁ ሥሩት

ቤተ ሙከራ እስኪከፈት አትጠብቁ። ሁለት ሙከራ ብቻ ወደ 15 የሚሆኑ ቃላትን ያስይዛል።

*ሙከራ አንድ፦ ድንች*

1. ድንቹን ላጡ። ልጣጩ ውሃ ስለሚከለክል ትንሽም አትተዉበት።
2. 5 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው 6 እንጨቶች አድርጋችሁ ቁረጡ። በማስመሪያ ለኩ፣ ጻፉ።
3. በሦስቱም ብርጭቆዎች በእያንዳንዳቸው 250 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምሩ። የመጀመሪያውን እንዳለ ተዉት። በሁለተኛው ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ በሦስተኛው 2 የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምራችሁ እስኪሟሟ አማስሉ።
4. በየብርጭቆው ሁለት ሁለት እንጨት አድርጉ። 2 ሰዓት ጠብቁ።
5. አውጡ፣ በጨርቅ አድርቁ፣ ለኩ፣ አጥፋችሁ ሞክሩ።

በንጹሕ ውሃ የነበረው ጠንክሮ ሲታጠፍ ቀጭ ይላል፦ ተርጂድ፤ ውሃው ሃይፖቶኒክ ነው። ብዙ ጨው ውስጥ የነበረው አጥሮ እንደ ላስቲክ ይታጠፋል፦ ፍላሲድ፤ ሙሙቱ ሃይፐርቶኒክ ነው። መሐለኛው ብዙም አይለወጥም፣ ወደ አይሶቶኒክ የቀረበ ነው።

ልዩነት ካላያችሁ፦ ድንቹ የተቀቀለ ከሆነ ሜምብሬኑ ስለፈረሰ ሙከራው አይሠራም። ጨው ከብርጭቆው ሥር ተቀምጦ ከሆነ አልሟሟም። ልዩነቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ስለሆነ በዓይን ግምት አትመኑ። ሌሊቱን ሙሉ ማቆየት በደሴ ብርድ ብዙም ችግር የለውም፤ ኮምቦልቻ ላይ ግን ድንቹ ሊሸት ይችላልና በዕለቱ ጨርሱት።

ከዚያ ይህን ጥያቄ ለራሳችሁ መልሱ፦ ቀይ የደም ሕዋስ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ሲገባ ይፈነዳል፣ የድንች ሕዋስ ግን አይፈነዳም፤ ለምን? መልሱ የሕዋስ ግድግዳ ነው። ሴል ዎልና ሴል ሜምብሬን የሚለዩትም እዚህ ላይ ነው።

*ሙከራ ሁለት፦ እርሾ*

1. በሦስቱ ሃይላንዶች አንድ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ደግሞ አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ እርሾ ጨምሩ።
2. በመጀመሪያው 200 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ በሁለተኛው ያንኑ ያህል በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩ። ለሦስተኛው የፈላ ውሃ ይሁን፤ ሃይላንዱ ስለሚኮማተር መጀመሪያ የእሱን አንድ የሻይ ማንኪያ እርሾ በኩባያ ከፈላ ውሃ ጋር ቀላቅሉና ሲበርድ ገልብጡት።
3. በየአፉ ፊኛ ግጠሙ። ክዳኑን አትዝጉ፤ ጋዙ መውጫ ካጣ ጠርሙሱ ሊፈነዳ ይችላል።
4. ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ጠብቁ። ቀዝቃዛው በቀዝቃዛ ውሃ ገንዳ ውስጥ ይቀመጥ።

ለብ ባለው ላይ ፊኛው ይነፋል፤ የሚነፋው ካርቦንዳይኦክሳይድ ነው። ይህ ፈርሜንቴሽን ነው፤ የእንጀራ ሊጥ ኩፍ የሚለውም በዚሁ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆኑ አንድ ዓይነት ሊጥ ኮምቦልቻ ላይ ቶሎ ይቦካል። ምክንያቱ ሙቀት ነው፦ ሙቀት ሲጨምር የኢንዛይም ፍጥነት ይጨምራል፣ የተወሰነ ወሰን እስኪደርስ።

አሁን ዋናው ክፍል። የቀዘቀዘውንና የፈላውን ጠርሙስ ሁለቱንም ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስቀምጡ። ቀዝቃዛው ቀስ በቀስ ፊኛውን ይነፋል፤ የፈላው ግን አይነቃም። በብርድ ኢንዛይም ይዘገያል፤ በፈላ ውሃ ቅርጹ ተበላሽቶ ዲናቹር ይሆናል፣ አይመለስም። "ኢንዛይሙ ሞተ" ብላችሁ እንዳትጽፉ። እርሾ ይሞታል፣ ሕይወት አለው፤ ኢንዛይም ግን ሕይወት የሌለው ሞለኪውል ነው።

ፊኛው በአንዱም ካልተነፋ፦ አፉ አየር ያስወጣል ወይም እርሾው ጊዜው አልፏል። ደሴ ላይ በክረምት ጠዋት ከሆነ ደግሞ ውሃው ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ለብ ያለውን ጠርሙስ በጋቢ ጠቅልሉት።

ሌላም ነገር አስምሩ፦ እርሾ ያለ ኦክስጅን ሲሠራ አልኮልና ካርቦንዳይኦክሳይድ ይሰጣል። ጡንቻ ያለ በቂ ኦክስጅን ሲሠራ ላክቲክ አሲድ ይሰጣል፣ ካርቦንዳይኦክሳይድ አይሰጥም።

6. ካርዱን አዙሩ

በካርዱ ፊት ቃሉን በእንግሊዝኛ፣ በጀርባው የአራቱን ጥያቄ መልስና አንድ ትንሽ ሥዕል አስቀምጡ። አዲስ ካርድ "በየቀኑ" ፖስታ ውስጥ ይገባል። ጀርባውን ሳታዩ በትክክል ከመለሳችሁት ወደ "በ3 ቀን"፣ እንደገና ከመለሳችሁት ወደ "በሳምንት" ይለፍ። የተሳሳተ ካርድ የትም ይሁን ወደ "በየቀኑ" ይመለሳል፤ ለራሳችሁ አታዝኑ። መብራት ሲጠፋ ስልክ ይዘጋል፣ ካርድ ግን በሻማም ይነበባል።

አንዱ ካርድ አምስት ጊዜ ከተመለሰ ደጋግማችሁ አታንብቡት። ቅዳችሁ ጣሉትና ከ3ኛው ደረጃ ጀምሮ እንደ አዲስ ሥሩት።

7. አጻጻፉን አስተካክሉ

በመጨረሻ ነጥብ የሚበሉ ጥቃቅን ነገሮች አሉ።

"ፍ" ብላችሁ የምትሰሙት ድምፅ በብዙ የባዮሎጂ ቃላት በ"ኤፍ" ሳይሆን በ"ፒ" እና "ኤች" ይጻፋል፦ ፊኖታይፕ፣ ፍሎኤም፣ ፋጎሳይት። በሱዶፖዲያ መጀመሪያ ላይ የማትነበብ "ፒ" አለች።

ነጠላና ብዙውን ለዩ። ባክቴሪያ ብዙ ነው፣ ነጠላው ባክቴሪየም። ማይቶኮንድሪያ ብዙ ነው፣ ነጠላው ማይቶኮንድሪዮን። ስቶማታ ብዙ፣ ስቶማ ነጠላ። አልቪዮላይ ብዙ፣ አልቪዮለስ ነጠላ።

ሳይንሳዊ ስም ሁለት ቃል ነው፤ የመጀመሪያው ጂነሱን፣ ሁለተኛው ዝርያውን ይለያል። ለምሳሌ ጤፍ ኤራግሮስቲስ ቴፍ ይባላል። የመጀመሪያውን ቃል በትልቅ ፊደል ጀምሩ፣ ሁለተኛውን በትንሽ፤ ዝርያው የአገር ስም ቢይዝም በትንሽ ነው። በእጅ ስትጽፉ ከሁለቱ ቃላት ሥር ለየብቻ አስምሩ፤ አንድ ረጅም መስመር አድርጋችሁ አታያይዙት።